ኤስፒኤም ላይ ቪኦአይ ሳወጣ የጣቱ ሲግናል የት ገባ? («አድጀስት» የሚለው ነገር ግራ አጋብቶኛል)

የጣና_ልጅ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ግራፍ ላይ አፍጥጬ ከረምኩ። ዛሬ በቃኝ ብዬ መጣሁ።

ባሕር ዳር ፊዚክስ ተምሬ አሁን ኔዘርላንድስ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። የአንጎል ምስል ከጀመርኩ ገና ስድስት ወሬ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዬ የሕፃን ከሆነ ታገሱኝ። የምጠቀመው ኤስፒኤም የሚባለውን የአንጎል ምስል መተንተኛ ሶፍትዌር ነው፤ ቪኦአይ የምለው ደግሞ ሲግናሉ የሚወጣበትን የአንጎል አካባቢ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። ተሳታፊው ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ የቀኝ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በየተራ ያነካካል። 20 ሴኮንድ እረፍት፣ 20 ሴኮንድ ማነካካት፣ ስምንት ዙር። ማሽኑ በየ2 ሴኮንዱ አንድ ምስል ያነሳል፣ በጠቅላላው 160 ምስል። እንግዲህ በግራ በኩል ያለው የእጅ ሞተር ኮርቴክስ (እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል) ጥሩ ከሠራ፣ ግራፉ ላይ ስምንት ጉብታ ማየት አለብኝ። በየ20 ምስሉ አንድ።

ሞዴሌ ስምንት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው የጣቱ ሥራ ነው። ከዚያ ስድስቱ የራስ እንቅስቃሴ፣ የመጨረሻው ኮንስታንት (ቋሚው ከፍታ)። ሃይ-ፓስ ፊልተሩን (ቀርፋፋ ውዝዋዜን የሚያወጣውን) አልነካሁትም፣ 128 ሴኮንድ ላይ እንዳለ ነው። ካርታው ሲወጣ ግራው ሞተር ኮርቴክስ እሳት መስሎ በራ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ጫፉ (በጣም የበራው ነጥብ) ላይ ቆሜ «አይገንቬሪየት» የሚለውን፣ የአካባቢውን ዋና ሲግናል የሚያወጣውን ቁልፍ ተጫንኩ። ስም ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ቀጥሎ «አድጀስት ዳታ ፎር» ብሎ የኮንትራስት (የትኞቹ ዓምዶች እንደሚፈተሹ የሚናገር ምርጫ) ዝርዝር አወጣ። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ፣ ቀድሜ በስድስቱ የእንቅስቃሴ ዓምዶች ላይ አንድ ኤፍ-ኮንትራስት ሠርቼ «ሙቭመንት» ብዬው ነበር። ዳታዬ ከራስ እንቅስቃሴ ይጽዳልኝ ብዬ እሱን መረጥኩ። 8 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ክብ። ኦኬ።

የወጣው ግራፍ ዝርግ ነው። አንድም ጉብታ የለውም። የሚያናድደው ደግሞ 85ኛው ምስል ላይ ትልቅ ዝላይ አለ። እዚያ ጋ ሰውየው አስሎ ነበር፣ መዝገቤ ላይ ጽፌዋለሁ። እረፍት ላይ ስለነበር ከጣቱ ጋር አይገናኝም። ይጽዳልኝ ያልኩት ቀርቶ፣ የምፈልገው ጠፋ!

ተናድጄ ደገምኩት፤ አሁን «ዶንት አድጀስት» አልኩ። ስምንቱ ጉብታ ቁጭ! የሳሉ ዝላይም አለ። መስኮቱ ላይ ደግሞ ቫሪያንስ 99.9 በመቶ ይላል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር አይቼ አላውቅም።

አሁን ጥያቄዬ፦ እንቅስቃሴን ማስተካከል ሲግናል ይገድላል ማለት ነው? ያላስተካከልኩትን ይዤ ወደ ዲሲኤም (የአንጎል አካባቢዎች አንዱ በሌላው ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ የሚገምት ሞዴል) ብገባስ? ሱፐርቫይዘሬን ብጠይቅ «ማኑዋሉን አንብቢ» ነው የሚለኝ። አነበብኩት፣ ያው ነኝ።

ቆሎ_በኪሴ

እኔ የምጠረጥረው ሰውየው ጣቱን ሲያነካካ ራሱንም እየነቀነቀ ነው። እንዲያ ከሆነ የእንቅስቃሴው ዓምድና የሥራው ዓምድ ይመሳሰላሉ፤ አንዱን ስታወጪ ሌላው ተከትሎ ይሄዳል። ሪአላይንመንት (ምስሎቹን እርስ በርስ ማገጣጠም) ሲያልቅ የሚወጣውን የእንቅስቃሴ ግራፍ ክፈቺና በየ20 ምስሉ የሚወዛወዝ መስመር ካለ እዪ።

የጣና_ልጅ

አሁን አየሁት። ከሳሉ በስተቀር ጸጥ ያለ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አልሞላም። ድንጋይ የሆነ ሰው ነው።

ሽማግሌው_ፊዚክስ

ልጄ፣ ሰውየውም ዳታውም ምንም አላጠፉም። የተገላበጠው ጥያቄው ነው።

«አድጀስት ዳታ ፎር» ሲልሽ «ከምን ላጽዳልሽ?» ያለሽ መስሎሻል። ቃሉን ላነበበ ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው፣ አልፈርድብሽም። ኤስፒኤም የሚጠይቅሽ ግን «የትኛውን ላስቀርልሽ?» ነው። የመረጥሽው ኮንትራስት የሚቀረው ነው። እዚያ ኮንትራስት ውስጥ ያልገባው የሞዴሉ ክፍል በሙሉ ይወጣል።

ስንዴ እንደመልቀም አስቢው። አንቺ እንክርዳዱን አሳይተሽ «ይሄ» አልሽ። እሱ ደግሞ «ይሄ» የተባለው ስንዴው ነው ብሎ እንክርዳዱን ሰፌዱ ላይ አስቀረልሽ፣ ስንዴውን አፍስሶ። ስለዚህ የጣቱ ሥራ ሄደ፣ ሳሉ ቀረ። ግራፍሽ ላይ ያየሽው ልክ እሱ ነው። እንዲያውም 85ኛው ምስል ባለውለታሽ ነው። ያ ዝላይ ባይኖር ዝርጉን መስመር አይተሽ «ይሄ ሰው አንጎሉ አልሠራም» ብለሽ ትጥይው ነበር።

ሆዱ ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው። በክቡ ውስጥ ያሉትን የቮክስሎች (የምስሉ ትንንሽ ኩቦች) ዳታ ያነባል። በሃይ-ፓስ ፊልተርና በዋይትኒንግ (ተከታታይ ምስሎች የሚጋሩትን ኖይዝ በሚያስተካክል ሒሳብ) ያሳልፈዋል። ከዚያ ሞዴሉን ስታስኬጂ የተገኙትን ቤታዎች (የየዓምዱን ድርሻ የሚለኩ ቁጥሮች) አንስቶ፣ ከኮንትራስትሽ ውጭ ያሉት ዓምዶች የሚተነብዩትን ሲግናል ይሠራና ከዳታው ይቀንሳል። ቤታዎቹ ሁሉም በአንድ ላይ የተገመቱ ናቸው። ስለዚህ የእንቅስቃሴው ድርሻ ሲቀነስ የጣቱ ድርሻ በቦታው ይቀመጣል። ቆሎ_በኪሴ ያለው ችግር እውነተኛ ችግር ነው፤ ግን ያንቺ አይደለም።

መድኃኒቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኮንትራስት ማኔጀር ግቢ። አዲስ ኤፍ-ኮንትራስት። ቲ አይደለም፣ ኤፍ። ስሙን «ኢፌክትስ ኦፍ ኢንተረስት» በይው። አንቺ አንድ የሥራ ዓምድ ብቻ ስላለሽ የመጀመሪያው ላይ 1፣ ሌላው ሁሉ 0። ሦስት ሥራ ቢኖርሽ ሦስት መስመር ይሆናል፣ በየመስመሩ አንድ 1 እየተንሸራተተ። የሥራውን ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነቱን የሚይዝ ተጨማሪ ዓምድ) ሞዴሉ ውስጥ ካስገባሽ እሱንም ጨምሪ፤ አለዚያ ከእንክርዳዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ቪኦአዩን ስታወጪ ይህን ምረጪ።

አሁን ስለዚያ 99.9። አትደሰቺበት።

ሳታስተካክይ ስታወጪ ኮንስታንቱ አይወጣም። የእያንዳንዱ ቮክስል አማካይ ከፍታ እንዳለ ይቀመጣል። ከዚያ ከፍታ አንጻር የጣቱ ሲግናል ስንት ነው? ከመቶው አንድ ሁለት ቢሆን ነው። ኤስፒኤም አይገንቬሪየቱን ከማውጣቱ በፊት አማካዩን አይቀንስም። ስለዚህ «ቮክስሎቹ የሚጋሩት ትልቁ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ሲፈልግ የሚያገኘው ያንን ከፍታ ነው። 99.9 በመቶ ማለት «ሁሉም ቮክስሎች ከዜሮ በላይ ናቸው» ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ስካነር አያስፈልግም ነበር። የግራፉን የግራ ቁመት ተመልከቺ፣ ቁጥሩ ከዜሮ በጣም ርቆ ነው ያለው። በትክክል ስታስተካክይው ዜሮ ዙሪያ ይወርዳል፤ በመቶኛውም ይቀንሳል። መቀነሱ አያስደንግጥሽ።

ሌላ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፦ «ዶንት አድጀስት» ማለት ጥሬ ዳታ ማለት አይደለም። ፊልተሩና ዋይትኒንጉ ሁለቱም ጋ አሉ። ጥሬውን የፈለገ ምስሎቹን ራሱ ያንብብ።

ይህን ሁሉ የምለው ያንቺን ስህተት እኔም ስለሠራሁት ነው። ከ10 ዓመት በፊት፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ። የ19 ሰው ዳታ በእንክርዳዱ ኮንትራስት አውጥቼ፣ አካባቢዎቹ እርስ በርሳቸው ሲዛመዱ አይቼ «ወይ ግሩም!» አልኩ። መዛመድ ነው እንግዲህ! ሁሉም የአንድ ራስ እንቅስቃሴ ነው የያዙት። ፖስተር አሳተምኩ። ስብሰባው ላይ አንዲት ወጣት ቀረብ ብላ «ለምንድን ነው የማየት ኮርቴክስና የእጅ ሞተር ኮርቴክስ አንድ ላይ የሚዘሉት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፖስተሩ ዛሬም ቤቴ አለ፣ ልጆቼ ጀርባው ላይ ዝሆን ሥለውበታል።

ጭላንጭል

ጋሼ ሁሉንም ስላሉት እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ በፓይተን ለምትሠሩ።

ኒላርን (የፓይተን የአንጎል ምስል መሣሪያ) ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ «ኮንፋውንድስ» ብለሽ የምትሰጪው የሚጣለውን ነው። ኤስፒኤም የሚቀረውን ይጠይቃል፣ ኒላርን የሚወጣውን። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እኔ ለራሴ ማሳሰቢያ ጽፌ ስክሪኔ ጠርዝ ላይ ለጥፌዋለሁ፦ «ይሄኛው ይጥላል፣ ያኛው ያስቀራል»።

ኤፍኤምአርአይ-ፕሬፕ (ምስሎቹን ለትንተና የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የኮንፋውንድ ሰንጠረዡን የመጀመሪያ ረድፍ እዩ። የዴሪቬቲቮቹና የፍሬምዋይዝ ዲስፕሌስመንቱ (ከምስል ወደ ምስል ራስ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ የሚለካው) የመጀመሪያ ዋጋ ባዶ ነው፤ ከፊቱ ምስል የለማ፣ ከምን ይቀነስ? እሱን ሳትሞሉ ብትሰጡት ወይ ስህተት ብሎ ይቆማል ወይ ውጤቱ ባዶ ይሆናል። የኒላርን የራሱ ኮንፋውንድ ጫኝ ያስተካክለዋል፤ በእጅ የምታነቡ ግን በዜሮ ሙሉት።

ቅደም ተከተሉንም አትናቁት። መጀመሪያ ዳታውን ፊልተር አድርጋችሁ፣ ቀጥሎ ፊልተር ባልተደረጉ የእንቅስቃሴ ዓምዶች ብታጸዱት፣ ፊልተሩ ያወጣውን ኖይዝ (የማይፈለግ ውዝዋዜ) ዓምዶቹ መልሰው ይጨምሩታል። ወይ ሁለቱን በአንድ ሞዴል አድርጉ፣ ወይ ዓምዶቹንም በዚያው ፊልተር አሳልፉ።

የጣና_ልጅ፣ ያንቺ አንድ ዙር 40 ሴኮንድ ስለሆነ 128ቱ አይነካሽም። እኔ ግን በመጀመሪያ ሥራዬ 90 ሴኮንድ ሥራ፣ 90 ሴኮንድ እረፍት አድርጌ ነበር። ዙሩ 180 ሴኮንድ ሆነ ማለት ነው። ፊልተሩ ሲግናሌን ቁርስ አደረገው። ኮንትራስት ብቀያይር፣ ክቡን ባሰፋ፣ ወይ ፍንክች። ሁለት ሳምንት። የዙሩን ርዝመት ከፊልተሩ ጋር ያነጻጸርኩት በመጨረሻ ነው፣ ሻወር ላይ ሆኜ።

የጣና_ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሠራልኝ።

ኢፌክትስ ኦፍ ኢንተረስቱን ሠርቼ መረጥኩ። ስምንቱ ጉብታ መጣ፣ ዜሮ ዙሪያ። ሳሉ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ከጉብታዎቹ አንሷል። በፊት ከሁሉም በላይ ነበር። በመቶኛው ወደ 71 ወረደ። እርስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ ይህን 71 ጥዬ ያንን 99.9 ነበር የምወስደው። ሱፐርቫይዘሬም «ጎበዝ!» ይለኝ ነበር መሰለኝ።

አንድ ላስቸግርዎ። ሁለተኛውን አካባቢ ከቀኝ ሴሬቤለም (ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል) ላወጣ ነው። ሁለት ሰዎች ላይ ግን ኤስፒኤም ምንም ቮክስል የለም ይለኛል። እነሱን ልጣላቸው?

ሽማግሌው_ፊዚክስ

አትጣያቸው ገና።

ያ ቁልፍ የሚያየው ካርታው ላይ የበሩትን ቮክስሎች ብቻ ነው። ክቡን 8 ሚሊሜትር ብትይውም፣ ክቡ ውስጥ ያለ ሆኖ ጣሪያውን (ትሬሾልዱን፣ ቮክስል በርቷል የሚባልበትን ወሰን) ያላለፈ ቮክስል አይገባም። በ3 ሚሊሜትር ቮክስል አንድ ሙሉ 8 ሚሊሜትር ክብ 80 ገደማ ቮክስል ይይዛል። ጣሪያሽ ከፍ ያለ ከሆነ ግን አንዱ ሰው ላይ 80፣ ሌላው ላይ 6 ልታገኚ ትችያለሽ። ስንት ቮክስል እንደገባ መስኮቱ ላይ ይጽፍልሻል፣ እዪው።

ስለዚህ ለማውጣት ብቻ ጣሪያውን ዝቅ አድርጊ፣ ፒ 0.05፣ ለፈተናዎቹ ብዛት ያልታረመ፣ ይበቃል። እዚህ ላይ ጣሪያው የሚያገለግለው ቦታ ለማግኘት ነው፤ «አክቲቭ ነው» ብለሽ ልትጽፊ አይደለም። የቡድኑን ጫፍ ይዘሽ በየሰዉ ላይ በአቅራቢያው ያለውን ጫፍ ፈልጊ። ጫፉ ሴሬቤለሙን ለቆ የማየት ኮርቴክስ ውስጥ ከገባብሽ ግን ያ ሌላ ሰፈር ነው፤ ያን ጊዜ ተይው፣ ስንት ሰው እንደተውሽና ለምን እንደሆነ ጽፈሽ።

ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጣሪያ ተጠቀሚ። ለሁለቱ ብቻ ዝቅ እንዳታደርጊ።

ቆሎ_በኪሴ

እኔም ከጎን ሆኜ ተማርኩ። አንድ ጥያቄ፦ ለምን ቀለል አድርገን አማካይ አንወስድም? ያ አይገንቬሪየት የሚሉት ነገር ለእኔ ምትሃት ነው።

ጭላንጭል

ክቡ ውስጥ ያሉት ቮክስሎች ሁሉ አንድ ዘፈን ከዘፈኑ ሁለቱም ያው ናቸው። ግን 8 ሚሊሜትር ክብ የእጅ ሞተር ኮርቴክስ ላይ ስታስቀምጥ፣ ከማዕከላዊው ስንጥቅ ማዶ ያለው የስሜት ኮርቴክስም፣ ነጭ ክፍሉም ይገባሉ። አማካይ ለሁሉም እኩል ድምፅ ይሰጣል፣ ለዘፋኙም ለዝምተኛውም። አይገንቬሪየት ዋናውን ዘፈን አብረው ለሚዘፍኑት ነው የሚያደላው። ምልክቱ መደመር ይሁን መቀነስ በሒሳቡ አይወሰንም፤ ኤስፒኤም የቮክስሎቹ ክብደት ድምር መደመር እንዲሆን አድርጎ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች የሚሄድ ክብ ካለህ ተጠንቀቅ። ያወጣኸውን መስመር ከአማካዩ ጋር ደርበህ ሣለው፣ በዓይንህ ታየዋለህ።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ። ኤስፒኤም የሚሠራበትን ማትላብ የሚባለውን ሶፍትዌር የመግዛት አቅም የለኝም። ይህን መለማመድ እችላለሁ?

ሽማግሌው_ፊዚክስ

እንዴታ። ኤስፒኤም ራሱ ነጻ ነው። የማትላብ ፈቃድ የማይጠይቅ፣ ተጠናቅሮ የተዘጋጀም ቅጂ አለው። ዳታ ደግሞ አብሮት ለትምህርት የሚለቀቀውን የእይታ እንቅስቃሴና ትኩረት ሙከራ አውርድ። አንድ ሰው ነው፣ 360 ምስል፣ በየ3.22 ሴኮንዱ። የማየት ኮርቴክሱን፣ እንቅስቃሴ የሚያየውን ቪ5ንና ላይኛውን ፓራይታል አውጥቶ ዲሲኤም መሥራት ድረስ ማኑዋሉ ደረጃ በደረጃ ይወስድሃል። ላፕቶፕህ አሮጌም ቢሆን ይችለዋል። መጀመሪያ ሆን ብለህ በስህተቱ ኮንትራስት አውጣው፣ ቀጥሎ በትክክለኛው። ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጥ።

የጣና_ልጅ

የመጨረሻ ወሬ ይዤ መጣሁ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል።

22ቱን ሰዎች በእጅ ከምጫን ብዬ በባች (ለሁሉም በአንዴ በሚያስኬደው) አደረግኩት። ባቹ ላይ «አድጀስት» የሚለው ስም አይቀበልም፣ ቁጥር ነው የሚፈልገው። 0 ካልሽው አያስተካክልም። «ናን» ካልሽው የሞዴሉን ሁሉንም ነገር ቀንሶ ቅሪቱን ብቻ ይሰጥሻል። አለዚያ የኤፍ-ኮንትራስቱን ተራ ቁጥር ትጽፊያለሽ። የእኔ 3ኛ ነበር፣ 3 ጻፍኩ፣ ቡና ልጠጣ ሄድኩ።

ስመለስ 21ዱ ላይ ስምንት ጉብታ፣ 7ኛው ሰው ላይ ዝርግ።

ያ ሰው የመጀመሪያ መለማመጃዬ ነበር። ኮንትራስቶቹን በሌላ ቅደም ተከተል ነው የሠራሁለት። እሱ ጋ 3ኛው «ሙቭመንት» ነው፤ ያው የጠዋቱ እንክርዳድ። አሁን ባቹ ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት ስሙን እንዲፈትሽ ሁለት መስመር ኮድ ጨመርኩበት። «ሙቭመንት» የሚለውን ኮንትራስት ደግሞ ከ22ቱም ሰዎች ላይ አጠፋሁት።